ቁልፉ ውስጥ፣ እናንተ ደጅ፦ ቤት ወይም መኪና ሲቆለፍባችሁ

በሩ ጠቅ ብሎ ተዘጋ። ኪሳችሁን ዳሰሳችሁ፣ ቁልፍ የለም። ይሄ የማይገጥመው ሰው የለም። ደሴ ላይ ሲሆን ግን ብርዱም አለ። ከተማዋ ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሆነች፣ ፀሐይ ስትጠልቅ ከጦሳ ተራራ የሚወርደው ንፋስ አጥንት ድረስ ይገባል። የሐረጎን ቁልቁለት ወርዳችሁ ኮምቦልቻ ስትደርሱ፣ ወይም ባቲና ከሚሴ ስትሆኑ ደግሞ የሚያስፈራው ሙቀቱ ነው። በተለይ መኪና ውስጥ ልጅ ካለ።

ይሄን የምጽፈው ሰው ሲደነግጥ ውድ የሆነውን ነገር ቀድሞ ስለሚሰብር ነው። ቅደም ተከተሉን ካወቃችሁ ብዙ ጊዜ ምንም ሳይሰበር ይከፈታል። መሰበር ካለበትም የሚረክሰው ይሰበራል።

ከሁሉ በፊት፦ ውስጥ ማን አለ? ምን በርቷል?

ከበሩ ጋር ከመታገላችሁ በፊት እነዚህን ሁለቱን መልሱ። ውስጥ ማንም ከሌለ፣ ምንም ካልበራ፣ ጊዜ አላችሁ። ቀስ ብላችሁ ማሰብ ትችላላችሁ።

የኤሌክትሪክ ምድጃ ወይም ምጣድ በርቶ ከሆነ ወደ ቆጣሪው ሂዱ። በአብዛኛው ቤት ቆጣሪው ውጭ፣ ግድግዳ ወይም አጥር ላይ ነው። አጠገቡ ያለውን ማጥፊያ ዝቅ አድርጉት። ምድጃው ይጠፋል፣ እናንተም ትረጋጋላችሁ። ግቢው የብዙ ተከራይ ከሆነ መብራቱን ያጠፋችሁት እናንተ መሆናችሁን ለጎረቤት ንገሩ፤ አለበለዚያ አንዱ ወጥቶ ያበራዋል። የበራው ቡታ ጋዝ ወይም የሲሊንደር ጋዝ ከሆነና ድስት ተጥዶበት ከሆነ ግን ከውጭ የምታጠፉበት መንገድ የለም። እዚህ ላይ ቁልፍ ሰሪ አይጠበቅም። የሚቀርበው መስኮት ወይም በር ይሰበር።

የከሰሉን ነገር ለብቻው ልናገረው። ደሴ፣ ኩታበር፣ ጋሸና ላይ በብርድ ጊዜ ከሰል ቤት ውስጥ አስገብቶ መተኛት ያለ ነገር ነው። ከከሰል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም። መጀመሪያ ራስ ያማል፣ ያዞራል፣ ያስመልሳል፣ ከዚያ ሰውየው ራሱን ይስታል። ስለዚህ በሩ ከውስጥ ተቆልፎ፣ ውስጥ ሰው እንዳለ እያወቃችሁ፣ አንኳኩታችሁም ደውላችሁም መልስ ካጣችሁ፣ "ተኝቶ ይሆናል" ብላችሁ አትሂዱ። በሩን ስበሩ። ስትገቡ ትንፋሻችሁን ያዝ አድርጋችሁ መስኮቱን ክፈቱ፣ ሰውየውን ጎትታችሁ ወደ አየር አውጡት፣ እናንተም ውስጥ አትቆዩ። የነቃ ቢመስልም ሐኪም ቤት ይሂድ። 907 የቀይ መስቀል አምቡላንስ ነው፤ ስልካችሁ ላይ መዝግቡት።

ልጅ መኪና ውስጥ ከተቆለፈ

ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ውስጡ በ10 ደቂቃ 10 ዲግሪ ያህል ሊጨምር ይችላል። መስታወቱ ትንሽ ከፈት መደረጉ ብዙም አይረዳም። የሕፃን ሰውነት ደግሞ ከአዋቂ ቀድሞ ይግላል። ኮምቦልቻ በቀትር ልጅ ተቆልፎበት "ሌላው ቁልፍ ከደሴ እስኪመጣ" ብሎ መጠበቅ አይቻልም።

ልጁ ነገር የሚሰማ ከሆነ በመስታወቱ በኩል እያሳያችሁ የበሩን መክፈቻ እንዲስብ ሞክሩ። አንድ ሁለት ጊዜ ሞክሩ እንጂ አትቆዩበት። ልጁ ጨቅላ ከሆነ፣ ካላበው፣ ከደከመው ወይም ዝም ካለ መስታወት ስበሩ። እንዴት?

ልጁ ካለበት የራቀውን የጎን መስታወት ምረጡ። የፊቱን ትልቁን መስታወት አትንኩት። እሱ በመሃሉ ፕላስቲክ ስላለው ይሰነጠቃል እንጂ አይወድቅም። በአብዛኛው መኪና የጎኑ ግን ሲመታ ወደ ትንንሽ ፍርፋሪ ይበተናል። መሃሉን አትምቱ፣ ይነጥራል። ጥጉን፣ ከፍሬሙ አጠገብ፣ ጫፉ ሹል በሆነ ጠንካራ ነገር ምቱ። የጎማ መፍቻ ይሆናል፣ ሹል ድንጋይም ይሆናል። እጃችሁን በጃኬት ወይም በጋቢ ጠቅልሉ፣ ፊታችሁን አዙሩ። ከተሰበረ በኋላ እጃችሁን አስገብታችሁ በሩን ክፈቱ፤ ልጁን በተሰበረው መስኮት አታውጡት።

ቤት ከሆነ፦ እጃችሁን ከመጠቀማችሁ በፊት ስልካችሁን

ቤት ውስጥ አብሯችሁ የሚኖር ሰው ቁልፍ አለው? አከራይዋ ሌላ ቁልፍ ትተው ይሆን? ቀድማችሁ ደውሉ። "እማማ፣ በሩ ተዘግቶብኝ ነው፣ ሌላ ቁልፍ እርስዎ ጋ ይኖር ይሆን?" ማለት የሚያሳፍር ነገር የለውም። ተከራይ ከሆናችሁ ደግሞ፣ ውስጥ አደጋ እስከሌለ ድረስ፣ ያለ አከራይ ፈቃድ በር መፍታትም መስበርም የለባችሁም። ኋላ የሚመጣው ጭቅጭቅ ከበሩ ዋጋ ይበልጣል።

ስልካችሁም ውስጥ ከቀረ ጎረቤት አንኳኩ። ወሎ ውስጥ ጎረቤት ማለት ቅሬ (እድር) ማለት ነው፤ ለለቅሶ የሚደርስ ሰው ለበር አያንስም። ማታ ከሆነ ገባ ብላችሁ ሙቀት ያዙ፣ ጋቢ ጠይቁ፣ ከዚያ አስቡ። አዲስ ገቢ ከሆናችሁና ሰፈሩ ካላወቃችሁ ይሄ የበለጠ ያስፈልጋል። በአጥር ስትዘሉ ያየ ሰው "ሌባ!" ብሎ ቢጮህ ጥፋቱ የእሱ አይደለም። መጀመሪያ ለአንድ ሰው ንገሩ፣ ቢቻል አጠገባችሁ ይቁም።

አጥር መዝለል ራሱ ብዙም አልወደውም። ጫፉ ላይ የጠርሙስ ስባሪ ወይም እሾሃማ ሽቦ ያለበት አጥር ብዙ ነው። ጣራ ላይ መውጣት ደግሞ ጭራሽ አይሞከር። የረጠበ ቆርቆሮ ሰው ይጥላል።

አሁን በሩን እዩት

ሁሉም በር አንድ ዓይነት አይደለም። የተዘጋው በምን እንደሆነ ሳታውቁ መታገል ቁልፉን ማበላሸት ነው።

ንፋስ ገፍቶት በራሱ የተዘጋ ከሆነ የያዘው ምላሱ ብቻ ነው። ቁልፉ አልዞረም። ይሄ ቀላሉ ነው። ወደ ውስጥ የሚከፈት በር ላይ የምላሱ ተዳፋት የሆነው ጎን ወደ እናንተ የዞረ ነው። ከሃይላንድ ጠርሙስ ጎን መዳፍ የሚያህል ፕላስቲክ ቁረጡ። የባንክ ካርድ አትጠቀሙ፣ ይሰበርና ሁለተኛ ችግር ይሆናል። ፕላስቲኩን በበሩና በፍሬሙ መሃል፣ ከምላሱ ትንሽ ከፍ ብላችሁ አስገቡት። ወደ ታች እያወረዳችሁ በሌላው እጃችሁ በሩን ገፋ ለቀቅ፣ ገፋ ለቀቅ አድርጉት። ምላሱ ወደ ኋላ ሲል በእጃችሁ ይታወቃችኋል። ያኔ ገፋ ማድረግ ብቻ ነው። በሩ ወደ ውጭ የሚከፈት ከሆነ ወይም በቁልፍ ተዙሮ ተዘግቶ ከሆነ ይሄ አይሠራም። ጊዜ አታጥፉበት።

ቁልፉ ከውስጥ ተሰክቶ የቀረ ከሆነ ያላችሁ ሌላ ቁልፍም ላይገባ ይችላል። በድሮ ቤቶች የምናየው፣ ቀዳዳው ወዲያ ማዶ የሚያሳይ ሰረገላ ቁልፍ ከሆነ ግን መላ አለው። ሰፋ ያለ ጋዜጣ ወይም ካርቶን በበሩ ሥር አሾልኩ። ከዚያ በቀጭን ሽቦ ከውጭ ቁልፉን ቀጥ እንዲል ትንሽ አዙራችሁ ገፋ አድርጉት። ወረቀቱ ላይ ይወድቃል። ቀስ ብላችሁ ወረቀቱን ሳቡ። የበሩ ሥር ጠባብ ከሆነ ቁልፉ ወርዶ ውስጥ እንዳይቀር መጀመሪያ ክፍተቱን በጣታችሁ ለኩ።

መስኮቱ ክፍት ሆኖ እንዳትገቡ ያገዳችሁ ፌሮው ብቻ ከሆነ፣ ቁልፉም ጠረጴዛ ላይ የሚታያችሁ ከሆነ፣ የመጥረጊያ እንጨት ጫፍ ላይ የታጠፈ ሽቦ እሰሩና ጎትቱት። ማግኔት ለመሞከር ለምታስቡ አንድ ነገር እወቁ። ብዙው የበር ቁልፍ ነሐስ ስለሆነ ማግኔት አይስበውም። ቀለበቱ ግን ብረት ስለሆነ ይሳባል። ማግኔቱን ወደ ቀለበቱ አስጠጉት።

ክረምት ላይ የሚመጣው ችግር ሌላ ነው። ሐምሌና ነሐሴ ላይ የእንጨት በር ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፣ የላሜራው በርም ማጠፊያው ሲላላ ወደ ታች ይወርዳል። ቁልፉ ትክክለኛ ነው፣ አይዞርም። ሰው ታዲያ ኃይል ይጨምራል፣ ቁልፉ ውስጥ ይሰበራል። ኃይል አትጨምሩ። የተጨነቀው ቁልፉ አይደለም፣ መወርወሪያው ነው። እጀታውን ይዛችሁ በሩን ወደ ላይ አንሱትና ያንን እንደያዛችሁ ቁልፉን በሁለት ጣት ብቻ አዙሩ። እምቢ ካለ በሩን ወደ ራሳችሁ ስባችሁ ሞክሩ፣ ከዚያ በትከሻ ገፍታችሁ ሞክሩ። ከሦስቱ በአንዱ ጫናው ከመወርወሪያው ላይ ይነሳና ያለ ድካም ይዞራል።

ቁልፉ ተሰብሮ ከቀረ ቀሪውን በሌላ ቁልፍ አትግፉት፣ ሙጫም አታድርጉበት። ጫፉ ትንሽ ብቅ ካለ በጉጠት ወይም በቀጭን ፒንሳ ያዙና ቀጥ አድርጋችሁ ሳቡ። ካልታየ ለቁልፍ ሰሪው ተዉለት። የምግብ ዘይት የሚያፈሱበት ሰዎች አሉ። አይሆንም። ዘይቱ አቧራ ይይዝና ከወር በኋላ ይብሳል። ለሚንቀራፈፍ ቁልፍ የእርሳስ ግራፋይት ፈጭቶ ነፋ ማድረግ ይሻላል።

የዛገ ጓጉንቸር ከሆነ ነጭ ጋዝ ጠብ አድርጉበት፣ ትንሽ ጠብቁ፣ ጎን ጎኑን በመዶሻ ቀለል አድርጋችሁ መታ መታ አድርጉት። ቁልፉ ጭራሽ ከጠፋ ጓጉንቸሩን በሴጌቶ ከመታገል የተንጠለጠለበትን ቀለበት እዩት። ጥሩ ጓጉንቸር የጠነከረ ብረት ነው፣ መጋዝ ያደንዛል። ቀለበቱ ግን ተራ ፌሮ ነው። ቶሎ ይቆረጣል፣ ብየዳ ቤት ደግሞ በቀላሉ ይመልሰዋል።

መኪና ከሆነ

ደሴ መንገዱ ሁሉ ዳገትና ቁልቁለት ነው። ሞተሩ እየሠራ ወይም የእጅ ፍሬኑ በደንብ ሳይያዝ ከወረዳችሁ ሌላውን ሁሉ ተዉትና ጎማው ሥር ድንጋይ አስገቡ።

ከዚያ መኪናውን ዙሩት። ሁሉንም በር ሞክሩ፣ የኋላውንም። ሚኒባስ ከሆነ ተንሸራታቹን፣ አይሱዙ ከሆነ የረዳቱን በር። ሰው ተደናግጦ የሾፌሩን በር ብቻ ሲታገል ሌላው ክፍት ሆኖ ይገኛል።

ሪሞቱ እምቢ ያለው ባትሪ ጨርሶ ሊሆን ይችላል። የቁልፍ የለሽ መኪና ሪሞት ውስጥ የተደበቀ የብረት ቁልፍ አለ። ጎኑ ወይም ጀርባው ላይ ያለችውን ትንሽ መልቀቂያ ገፋ አድርጋችሁ ስትስቡት ይወጣል። የሾፌሩ እጀታ ላይ ቀዳዳ ካልታያችሁ በፕላስቲክ ክዳን ተሸፍኖ ይሆናል፤ ክዳኑ በቀስታ ይነቀላል። ስትገቡ የአደጋ ጥሪው ሊጮህ ይችላል፣ አትደንግጡ። ለማስነሳት ፍሬን ረግጣችሁ ሪሞቱን ራሱን የማስነሻው ቁልፍ ላይ አስጠጉትና ከዚያ ተጫኑ። ብዙ ቶዮታ በዚህ ይነሳል። ከዚያ ባትሪውን ቀይሩ፤ ብዙዎቹ የሚወስዱት ጠፍጣፋውን ሲአር 2032 ነው። ሰዓት ሠሪ ጋ ይገኛል።

ቁልፉ ውስጥ ተቆልፎ የቀረበት መኪና እንደ ዲኤክስ ያለ የድሮ ከሆነና መቆለፊያዋ ወደ ላይ የምትሳብ ራሷ ያበጠ ጉብ ያለች ከሆነች፣ የጫማ ማሰሪያ ይበቃል። ረዘም ያለ ማሰሪያ ውሰዱ፣ መሃሉ ላይ ሲሳብ የሚጠብቅ ቀለበት ቋጥሩ። የበሩን የላይኛ ጥግ ቀስ ብላችሁ ወደ ራሳችሁ ስባችሁ ክፍተት ፍጠሩና ማሰሪያውን አስገቡ። ሁለቱን ጫፍ ግራና ቀኝ ይዛችሁ እንደ መጋዝ እያመላለሳችሁ ወደ ታች አውርዱት። ቀለበቱ መቆለፊያዋን ሲከባት ሁለቱን ጫፍ ሳቡ። ይጠብቃል። ያኔ ወደ ላይ አንሱ። የሚያስፈልገው ትዕግሥት ነው። መቆለፊያዋ ቀጥ ያለች ለስላሳ ከሆነች ወይም እጀታው ውስጥ ከሆነች ግን አይሆንም።

አዲስ መኪና ላይ በመስታወቱና በበሩ መሃል ብረት አታስገቡ። እዚያ ውስጥ የመስታወት ማንሻው ሽቦ አለ፣ በአንዳንዱ የጎን ኤርባግ ሽቦም አለ። "ትንሿን ሦስት ማዕዘን መስታወት ስበራት፣ ርካሽ ናት" የሚል ምክርም አትስሙ። ትንሿ ብዙ ጊዜ ለማግኘት ትቸግራለች፣ መግጠሚያዋም ከትልቁ የበለጠ ሥራ ሊፈልግ ይችላል።

ከከተማ ወጥታችሁ ከሆነ፣ ለምሳሌ ሐይቅ ዳር መኪና አቁማችሁ ቁልፉ ውስጥ ከቀረ፣ ቤት ያለውን ሁለተኛ ቁልፍ ማስላክ ከሁሉም ይቀላል። ቤት ያለ ሰው ደሴ መናኸሪያ ሄዶ ለሚኒባስ ረዳት ይስጠው። የሚኒባሱን ታርጋና የረዳቱን ስልክ ወዲያው ይላክላችሁ። ቁልፉን በፖስታ አሽጎ ይስጥ፤ የእናንተንም ስም ይጻፍበት፣ የመኪናችሁን ታርጋ ግን አይጻፍበት። ለረዳቱ የሻይ ይሰጠው።

ቁልፍ ሰሪ ስትጠሩ

ቁልፍ ሰሪ በገበያና በመናኸሪያ አካባቢ አይጠፋም። ስትደውሉ ነገሩን በትክክል ንገሩት፦ "ወንድሜ፣ የላሜራ በር ነው፣ ምላሱ ብቻ ነው የያዘው፣ ቁልፉ ውስጥ ነው" ወይም "ቪትዝ ነው፣ ቁልፉ ውስጥ ነው፣ ሌላ ቁልፍ የለኝም።" እንዲህ ከነገራችሁት ትክክለኛውን ዕቃ ይዞ ይመጣል። ዋጋውንም ከመነሳቱ በፊት ተስማሙ። ማታ ከሆነ፣ ራቅ ካለ፣ ያንን ጨምሮ ይናገር።

ጥሩ ቁልፍ ሰሪ ይጠይቃችኋል። ለመኪና ሊብሬና መታወቂያ፣ ለቤት አከራዩን ወይም ጎረቤት። አትቆጡ። የማይጠይቅ ሰው ነገ ለሌላም በራችሁን ይከፍታል። መታወቂያው ውስጥ ተቆልፎ ከሆነ ጎረቤት ይመስክር፤ የቅሬ ዳኛው ቅርብ ከሆኑ ደግሞ ከእሳቸው የተሻለ ምስክር የለም። እንደደረሰ ድሪል የሚያወጣ ከሆነ "መጀመሪያ ሳይበሳ ሞክርልኝ" በሉት። መብሳት ካለበትም የሚበሳው የቁልፉ ሲሊንደር (ቁልፉ የሚሰካበት ክፍል) ነው እንጂ በሩ አይደለም። ሲሊንደር ብቻውን ተገዝቶ ይቀየራል።

ለሚቀጥለው ጊዜ

አንድ ቁልፍ ሰው ጋ ይቀመጥ። ምንጣፍ ሥር፣ አበባ ሥር፣ ቆጣሪ ላይ አታስቀምጡ፤ ሌባም የሚፈልገው እዚያ ነው። ጠዋት ማታ ቡና የምትጠራሩት ጎረቤት፣ አንድ ሰፈር ያለች እህት፣ ወይም ሱቅ የማትዘጋ ጓደኛ ጋ ስጡ። የመኪናው ሁለተኛ ቁልፍ ጉዞ ላይ በሌላ ሰው ኪስ ይሁን። ከሾፌሩ ቁልፍ ጋር አንድ ቦርሳ ውስጥ ከሆነ እንደሌለ ነው።

ስታስቀርጹ ከዋናው ቁልፍ አስቀርጹ። ከቅጂ የተቀረጸ ቅጂ እየራቀ ይሄዳል። ለመኪና ደግሞ ብዙዎቹ አዳዲስ መኪኖች ቁልፋቸው ውስጥ ቺፕ አላቸው። ቺፕ የሌለው ቅጂ በሩን ይከፍታል፣ ሞተሩን ግን አያስነሳም። ለበር መክፈቻ ብቻ ከፈለጋችሁት እሱም ይበቃል፤ ዋጋውም ያንሳል።

ቁልፉ ውስጥ የቀረ ሳይሆን መንገድ ላይ የጠፋ ከሆነ፣ በተለይ ከመታወቂያ ጋር አብሮ ከጠፋ፣ በዚያው ቀን ሲሊንደሩን ቀይሩ። የበሩ ጠርዝ ላይ፣ ከምላሱ በታች፣ አንድ ረጅም ብሎን አለች። በካቻቢቴ ፍቷት። ቤት የቀረውን ቁልፍ ሰክታችሁ ትንሽ ዞር ስታደርጉት ሲሊንደሩ ይወጣል። እሱን ራሱን ይዛችሁ ወደ ሱቅ ሂዱ፤ ርዝመቱ ከሁለቱም ጎን እኩል ላይሆን ይችላል። አዲሱን ስትገጥሙ በሩን ሳትዘጉ፣ ክፍት እንደሆነ፣ ሁሉንም ቁልፍ ከውጭም ከውስጥም እያዞራችሁ ሞክሩ። ያልዞረው ቁልፍ ያኔውኑ ወደ ሱቁ ይመለስ።